ፎርማት አታድርጉት፣ ለኩት!

ኮምፒውተር በራሱ ጊዜ ጠፍቶ ሲነሳ፣ ሳይለካና ሳይፈትሽ «ፎርማት ይደረግ» ብሎ የሚፈርድ ጠጋኝ ሥራውን አያውቅም፤ ካወቀም ደንበኛውን እየዋሸ ነው። ይህን የምጽፈው በንዴት ነው፤ ንዴቱም የከረመ ነው። ከጀሞ እስከ ሳሪስ፣ ከለቡ እስከ ጎፋ፣ «ኮምፒውተር እንጠግናለን» የሚል ታፔላ በተሰቀለበት በር በገባሁ ቁጥር የምሰማው ያንኑ ነው። ማሽኑ ተንቀረፈፈ? ፎርማት። ድምፅ እምቢ አለ? ፎርማት። ሥራ መሃል ድርግም ብሎ ጠፍቶ ራሱን በራሱ አስነሳ? እሱም ፎርማት። ገንዘቡ ይከፈላል፣ ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ይጫናል፣ ማሽኑ ቤት ይገባና የለመደውን ያደርጋል። የጠፋው ፋይል ግን በዚያው ጠፍቶ ይቀራል።

ጀሞ የሚኖር አንድ ወጣት የሰርግ ቪዲዮ አዘጋጅ አውቃለሁ። ማሽኑን ዕቃ በዕቃ ገዝቶ በገዛ እጁ የገጣጠመ፣ በዚያ ማሽን የቤት ኪራይ የሚከፍልና እናቱን የሚጦር ልጅ ነው። ረጅም ቪዲዮ ሬንደር ሲያደርግ ማሽኑ ይጠፋና ይነሳል። ጥገና ወሰደው። አንዲት ገመድ እንኳ ሳይነቅሉ፣ ሲ ድራይቩንም ዲ ድራይቩንም ጠርገው መለሱለት። ዲ ላይ ለባለቤቶቹ ገና ያልተሰጠ የአንድ ቤተሰብ ሰርግና መልስ ነበር፤ የሙሽራዋ አባት ቆመው ሲመርቁ የተቀረጸው ጭምር። ልጁ ለዚያ ቤተሰብ ምን ብሎ ይንገር? የጠጋኙ መልስ «ቫይረስ ነበረበት፣ ብራዘር» የሚል ብቻ ነበር። ማሽኑ በዚያው ሳምንት እንደገና ጠፍቶ ተነሳ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይህ ነው። ፍላሽ ሰክቶ መጠበቅ ማንንም አያደክምም። የኃይል ችግር መፈለግ ግን ኬዝ መክፈት፣ መልቲሜትር ማንሳት፣ የሚያነቡትን ቁጥር መረዳት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ገና አላወቅሁትም፣ ልፈትሽ» ብሎ ለደንበኛ መናገር ይጠይቃል። ይህን መናገር የማይችል ሰው የሰው ንብረት ላይ እጁን ማስገባት የለበትም።

ማስረጃውን ማሽኑ ራሱ ጽፎ ያስቀምጣል እኮ! ዊንዶውስን የጣለው የድራይቨር ወይም የሌላ ሶፍትዌር ስህተት ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊውን ገጽ ያወጣል፤ የስህተቱን ኮድ ይመዘግባል፤ ሚኒደምፕ የሚባል ፎልደር ውስጥ ፋይል ይተዋል። ኃይል በድንገት የተነጠቀ ማሽን ግን ምንም ለመጻፍ ጊዜ አያገኝም። ሲነሳ ብቻ ኢቨንት ቪወር ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚል መስመር ያስገባል፤ በወጉ ሳልዘጋ ነው የተነሳሁት ማለቱ ነው። የዚያን መስመር ዝርዝር ከፍታችሁ በግቼክ ኮድ የሚለው ቦታ ላይ ዜሮ ካያችሁ፣ ሰማያዊ ገጽ ተመዝግቦ አልነበረም፤ ጥርጣሬው ወደ ኃይልና ወደ ሃርድዌር ይዙር። ከአጠገቡ «ዌያ ሎገር 18» የሚል ካለ ደግሞ የሃርድዌር ስህተቱን ያስመዘገበው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ያኔ ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና የተሰጣቸውን ቮልት መጠርጠር ነው። ሰማያዊው ገጽ ብቅ ብሎ ዓይን ሳያየው የሚያልፍ ከመሰላችሁ፣ ሲስተም ሴቲንግ ውስጥ «አውቶማቲካሊ ሪስታርት» የሚለውን ምልክት አንሱት፤ ገጹ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ይህን ሁሉ ለማየት ካቻቢቴ እንኳ አያስፈልግም። ፎርማት ሲደረግ ግን ይህ መዝገብ አብሮ ይጠረጋል። ጠጋኙ ችግሩን ሳይፈታ ማስረጃውን አጠፋው ማለት ነው።

«መብራት እኮ አልጠፋም፣ አምፖሉም እየበራ ነበር» የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይመጣብኛል። እሺ፣ ይህን በደንብ እንየው።

ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳው 220 ቮልት ተቀብሎ ወደ 12፣ ወደ 5 እና ወደ 3.3 ቮልት ያወርዳል። የኤቲኤክስ ደንብ የሚፈቅድለት 5 በመቶ ወዲያና ወዲህ ነው፤ 12 ቮልቱ ከ11.4 መውረድ፣ ከ12.6 መውጣት የለበትም። ወደ ማዘርቦርዱ ከሚገባው ትልቁ የሽቦ እቅፍ መሃል አንዲት ግራጫ ሽቦ አለች። ኃይል አትሸከምም፤ ሥራዋ «ኃይሉ ደህና ነው» እያለች ለማዘርቦርዱ ማሳወቅ ነው። እሷ ዝም ያለች ቅጽበት ማዘርቦርዱ ሁሉንም ነገር ይገታል፤ እንደገና ስትናገር ማሽኑ ከዜሮ ይነሳል። ደንቡ፣ ከግድግዳው የሚመጣው ኃይል ቢቋረጥ ፓወር ሰፕላዩ ቢያንስ ለ16 ሚሊሰከንድ ያህል እንዲያቆይ ያዛል። የእኛ ኮረንቲ በሰከንድ 50 ጊዜ ነው የሚመላለሰው፤ አንዱ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ስለዚህ አንድ ዙር እንኳ ያልሞላ መቋረጥ ሊበቃ ይችላል፤ አምፖሉ መርገብገቡን ሳታዩ ማሽናችሁ ወድቆ ሊነሳ ይችላል። ያም ደንቡን ያከበረ ፓወር ሰፕላይ ሲሆን ነው። ደንቡን ያላከበረው ከዚያም ባነሰ ይወድቃል።

እኔም የምኖረው እዚያው ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የገጣጠምኩት ማሽን ሁለት ልማድ ነበረው፦ ቪዲዮ ሬንደር ሲያደርግ ይወድቃል፣ ሕንፃው እንጀራ በሚጋግርበት ጠዋት ደግሞ ይብስበታል። የአንድ ኤሌክትሪክ ምጣድ ጉልበት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ነው፤ አንዱ ብቻ 16 አምፔር ያህል ይስባል። ጎረቤቶቼን አልወቅስም፤ እንጀራ መጋገር መብታቸው ነው፣ የሚከፍሉበት ነው። የወቀስኩት መስመሩን ነው። የመልቲሜትሩን ዘንጎች ሶኬቱ ውስጥ ሰክቼ ቅዳሜ ጠዋት ተቀመጥኩ። ቁጥሩ 219 ላይ ቆሞ ነበር። ከታች ቤት ምጣዱ ሲሰካ 204 ሆነ። የላይኛው ሲጨመር 191። ምጣዶቹ ሲነቀሉ ተመልሶ ይወጣል። ቤት ውስጥ አምፖሉ ትንሽ ደከም ከማለቱ በቀር ሌላ ምልክት የለም። ከደረጃው ስር ያለው የቆጣሪ ሳጥን ሲከፈት፣ የአንዱ ብሬከር ሽቦ የታሰረበት ብሎን ላልቶ፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ በሙቀት ጠቁሮ አገኘነው። ሽቦው የሚይዘው በጭንቅ ነው። ስንት ሰው ሌሊት ከዚያ ሳጥን በላይ ተኝቶ ያድራል! ኮምፒውተሬ መውደቁ ሳይሆን ሕንፃው አለመንደዱ ነው የገረመኝ።

የሚያሳርፈው ፈተና ደግሞ ምንም መሣሪያ የማይፈልገው ነው፤ ማሽኑን ተሸክሞ ሌላ ቤት መውሰድ። እኔ ሳሪስ ዘመድ ቤት ወሰድኩት። ያው ዊንዶውስ፣ ያው ፋይል፣ ያው ራም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሬንደር ሲያደርግ አደረ፣ አልወደቀም። ቫይረሱ ጀሞ ቀረ እንበል?

የሳሪሱ ሌሊት ግን ፓወር ሰፕላዩን ነፃ አያወጣውም። ንዴቴ የሚብሰውም እዚህ ላይ ነው፤ በገበያችን ላይ ቁጥር እየዋሸ የሚሸጥ ሣጥን ሞልቷል። ከላይ በትልቁ «600 ዋት» ይላል። ጎኑ ላይ ያለውን ትንሹን ሰንጠረዥ አንብቡት። ፕሮሰሰሩንም ግራፊክስ ካርዱንም የሚመግበው 12 ቮልቱ ነው፤ ከሥሩ 16 አምፔር ከተባለ፣ 12 ሲባዛ በ16 ማለት 192 ዋት ነው። 600ው የት ሄደ? በማራገቢያው ወንፊት በኩል በባትሪ ብርሃን ወደ ውስጥ ተመልከቱ። በአረንጓዴው ቦርድ ላይ ለማጣሪያ ጥቅልል ሽቦ የተተወው ቦታ ባዶ ነው፤ ስሙ ብቻ በነጭ ፊደል ታትሞ፣ ጥቅልሉ መኖር በነበረበት ላይ አንዲት እርቃኗን የቀረች አጭር ሽቦ ተበይዳለች። ሙቀት የሚያበርደው አልሙኒየም ስስ ቆርቆሮ ነው። ሣጥኑን በእጅ ስትመዝኑት ይቀላል። መክፈት ግን አትሞክሩ፤ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ሌላም የምታዩት ነገር አለ። መለያው ላይ መግቢያው «100–240 ቮልት» ከተባለ፣ የግድግዳው ኮረንቲ 190 ቢወርድም ያ ዕቃ አይደነግጥም፤ ለዚያ ተሠርቷል። «230» ብቻ የተጻፈበት፣ ወይም ከኋላው ቀይ ማዞሪያ ያለው ግን ቮልቱ ሲወርድ የሚተማመንበት ነገር ትንሽ ነው። የጀሞው ልጅና እኔ የገዛናቸው ሁለቱም የኋለኞቹ ዓይነት ነበሩ፤ ከተለያየ ሱቅ፣ በተለያየ ስም፣ ውስጣቸው ግን መንትያ። የቻይና ዕቃ ላይ ደግሞ አንዳንዴ የተራራ ሥዕል ያለበት ምልክት ታያላችሁ፤ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች ብቻ ይሠራበት የሚል ነው። አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ወለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ማራገቢያው ያንኑ ያህል እየዞረ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም፤ ሥዕሉን አይቶት ያውቃል ብዬም አልጠረጥርም።

ሰው ለምን ርካሹን ይገዛል የሚለኝ ካለ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የዶላር ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ መርካቶ ሄዶ የዕቃ ዋጋ ጠይቆ ይመለስ። ከዚያ በፊት ዶላሩ በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ወጣቱ ግራፊክስ ካርዱን ለመግዛት ዓመት ይቆጥባል፤ ሲጨርስ ለፓወር ሰፕላይ የተረፈችው ብር ትንሽ ናት። ያቺኑ ትንሽ ብር ነው የሚዘርፉት። ሐሰተኛ ዋት መሸጥ ስርቆት ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ወረቀት ደግሞ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይጠብቀዋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት አለው ይላል። ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ማሽኑን በእነዚያ 15 ቀናት ውስጥ በሙሉ ጭነት አሠሩት። ቀስ ብሎ የሚገለጥ በሽታ ነው፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ ከተገለጠ ነጋዴው ይስቅባችኋል።

በሠለጠነው ዓለም ጉድለት ያለበት ዕቃ የለም እያልኩ አይደለም። ዴል ኦፕቲፕሌክስ ኮምፒውተሮቹ ውስጥ ካፓሲተሮች እያበጡ ስላስቸገሩት እ.ኤ.አ. በ2005 ለጥገናው 300 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ጊጋባይት 750 እና 850 ዋት የሆኑ ሁለት ፓወር ሰፕላዮቹ በፍተሻ ላይ እየፈነዱ ስለታዩ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ለገዢዎች ለውጦ ለመስጠት ተገደደ። ኢንቴል 13ኛውና 14ኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልት እየጠየቁ ማሽን እንደሚያናጉ እ.ኤ.አ. በ2024 አምኖ ዋስትናቸውን በሁለት ዓመት አራዘመ። የእነዚያ ደንበኞች ብርታት በመለኪያ መምጣታቸው ነው። በአንዳቸውም ላይ «ፎርማት አድርጉት» የሚል መልስ አልበቃም፤ ምክንያቱም ፊታቸው የተቀመጠው ቁጥር ነበር።

የሐቀኛ ጠጋኝ ሥራ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ፤ ጎፋ አካባቢ አንድ አዛውንት የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ አሉ። «አባባ፣ ይሄ ነገር ራሱን ያስነሳል» አልኳቸው። «መቼ መቼ?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄያቸው። ሥራ ሲበዛበት ነው ወይስ ባዶውን ተቀምጦ? ጠዋት ነው ማታ? ኬዙን ሲነኩት ነው? ከዚያ የፊት ለፊቱን የሪሴት ቁልፍ ሽቦ ከማዘርቦርዱ ነቀሉት፤ ቁልፉ ተጣብቆ ከሆነ ማሽኑን ራሱ ያስነሳዋልና። ራሙን አንድ በአንድ እያወጡ ሞከሩ፤ ከፋብሪካ ፍጥነቱ በላይ የሚያስሮጠውን ኤክስኤምፒ ከባዮስ አጠፉ፤ ሜምቴስት አስገብተው ሌሊቱን አሳደሩት። የፕሮሰሰሩን ሙቀት አዩ፤ የሚሞቅ ፕሮሰሰር አስቀድሞ ፍጥነቱን እንደሚቀንስ፣ እሱም ካልበቃው እንደሚጠፋ ነገሩኝ። ቀጥለው ከራሳቸው መደርደሪያ የሚታመን ፓወር ሰፕላይ አምጥተው በእኔው ምትክ አሰሩ። ዊንዶውሱን አልነኩትም። ሂሳባቸው ከፎርማቱ ዋጋ ብዙም አልበለጠም። እንዲህ የሚሠራ ሰው ካለ ሌላው የማይሠራበት ምን ምክንያት አለው?

አሁን ዝም የማልልበትን ልናገር። በብዙ ቤት ኮምፒውተሩ ይነዝራል። በባዶ እግራችሁ ሊሾ ላይ ቆማችሁ ኬዙን ስትነኩት እጃችሁን የሚቆነጥጣችሁ ነገር አለ። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ መግቢያው ላይ ባሉ ትንንሽ ካፓሲተሮች በኩል ከቆርቆሮው ጋር ይገናኛል፤ የሚያፈሰውም ወደ ኧርዝ ሽቦ እንዲሄድለት ነው። ኧርዝ ከሌለ ቆርቆሮው የግድግዳውን ቮልት ግማሽ፣ 110 ያህል፣ ይዞ ይቆያል። ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ነው የሚቆነጥጠው። አንድ ቀን ውስጥ ያለ ሽቦ ተልጦ ኬዙን ቢነካ ግን የሚመልሰው የለም፤ ያኔ ይገድላል። ይህን ለጠጋኙ ስትነግሩት «ነጠላ ጫማ አድርገህ ንካው» ይላችኋል። በሰው ሕይወት ላይ የሚሰጥ ምክር ይህ ነው! ሻጩ ባለሦስት ሽቦውን ስፒና በሁለት እግር ማስተላለፊያ አስገብቶ፣ ኧርዙን ቆርጦ በዲቫይደር ይሰካላችኋል። ዲቫይደሩ ራሱ ጎኑ ላይ የብረት መቆንጠጫ የለውም። ቤቱም ውስጥ ኧርዝ ሽቦው ወይ አልተዘረጋም፣ ወይ ተዘርግቶ ጫፉ የትም አልታሰረም። የሚታወቀው በመለካት ነው፤ በፌዝና በኧርዝ መካከል የሚነበበው ቮልት በፌዝና በኒውትራል መካከል ካለው ጋር ካልተቀራረበ ያ ኧርዝ የውሸት ነው። ዩፒኤስም ሆነ ስታብላይዘር የኧርዝን ቦታ አይተካም።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት። እንደማንኛውም ኢትዮጵያዊ ኮርቻለሁ፣ ከደመወዜም አዋጥቻለሁ። ያ ሁሉ ኃይል ቤቴ የሚገባው ግን ከደረጃው ስር ባለ በላላ ብሎን በኩል ነው። ብሎኑን ማጥበቅ ዓባይን መገደብ አይጠይቅም፤ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ የሆነውን ንብረት የማስተዳደር ኃላፊነት ለቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ሰጥቷል። የደረጃው ስር የእኛው ነው።

የሕንፃችን ማኅበር ስብሰባ እየመጣ ነው። የተያዘው አጀንዳ የግቢው በር ቀለምና የጥበቃዎቹ ደመወዝ ነው። እኔ ሦስተኛ አስገብቻለሁ፦ ከቆጣሪው ሳጥን እስከ ላይኛው ፎቅ ያለው መስመር በባለሙያ ይለካ፣ የጠቆረው ብሬከር ይቀየር፣ የኧርዙ ዘንግ ተቆፍሮ ይታይ፣ ከሌለም ይቀበር። ኤሌክትሪሻን ጠርቼ ዋጋ አስጠይቄአለሁ፤ ለቤቶቹ ሲካፈል ለበሩ ቀለም ከሚዋጣው ያንሳል። ድምፅ ይሰጥበት። አይ፣ አያስፈልግም የሚል ጎረቤት ካለ፣ ልጁ ማታ ማታ ጌም የሚጫወትበትን ኬዝ ቤቱ ገብቼ፣ እሱ ፊት እለካለታለሁ።